«ማኅደር አልበቃም»፦ የአንድ የዩኒክስ መልእክት ታሪክና የተርጓሚው ኀላፊነት

ሙያዊ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከተሰየሙበት መሣሪያ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አላቸው። መሣሪያው ተለውጦ ቃሉ ሲቀር፣ ወይም ቃሉ ሳይለወጥ ጽንሰ ሐሳቡ ሲከፋፈል፣ ተርጓሚ ይሳሳታል፤ በተርጓሚው ስሕተትም ባለሙያው ይሳሳታል። በዩኒክስና በመሰል ሥርዐቶች የሚሠራ የሰርቨር ፕሮግራም ከማኅደረ ትውስታ ገደብ ጋር ሲጋጭ የሚታዩት መልእክቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመልእክቶቹን ታሪክ ተከትሎ በአማርኛ እንዴት ሊለዩ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ በቀጫጭን ሽቦ ላይ ከተሰኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ ነበር። ቀለበቱ በእንግሊዝኛ «ኮር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤል ላቦራቶሪ ሰባተኛው የዩኒክስ እትም በስሕተቶች ዝርዝር 12ኛ ተራ ላይ የሰጠው ፍቺ «ኮር አልበቃም» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀለበቱ በሴሚኮንዳክተር ተተካ፤ መልእክቱም በበርክሌይ ቤተሰብ እትሞች «ማኅደረ ትውስታ መመደብ አልተቻለም»፣ በሲስተም ፋይቭ ቤተሰብ ደግሞ «በቂ ቦታ የለም» ወደሚል ተለወጠ። ቁጥሩ ግን ዛሬም 12 ነው። እዚህ ላይ ሦስት አገላለጾች አንድ ጽንሰ ሐሳብ ስለሚወክሉ የተርጓሚው ሥራ ቀላል ነው፤ ሦስቱንም በአንድ አቻ መተካት ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው በተቃራኒው፣ ማለትም አንድ ቃል ብዙ ጽንሰ ሐሳብ ሲሸከም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው 4.2 የበርክሌይ እትም ለእያንዳንዱ ሂደት «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» የተባሉ ሁለት ገደቦችን ይዞ መጣ። «ለስላሳ ገደብ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ ሊታለፍ የሚችል ምክር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከርነሉ በተግባር የሚያስከብረው ይህንኑ ገደብ ነው። ልዩነቱ ሂደቱ ራሱ እስከ «ጠንካራው» ድረስ ከፍ ሊያደርገው መቻሉ ነው፤ «ጠንካራውን» ከፍ ለማድረግ ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። በኋላ ሊነክስ የሂደቶችን ቡድን በአንድነት የሚገድብ አሠራር ሲያስገባ «ለስላሳ ገደብ» የሚለውን ስያሜ ለሌላ ነገር አዋለው፤ ይህኛው በእርግጥ ሊታለፍ የሚችልና ማኅደር ሲጠብ ብቻ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የዚህ አሠራር ሁለተኛ ቅርጽ ስያሜውን ትቶታል።

ከሁሉ የከፋው መደናገር በ«ተከለከለ» እና በ«ተገደለ» መካከል የሚፈጠረው ነው። ሊነክስ ፕሮግራም የጠየቀውን ማኅደር ወዲያው አያስረክብም፤ ቃል ይገባለታል እንጂ። የተገባው ቃል ካለው ሀብት ሊበልጥ ይችላል። ቃሉ ሊፈጸም የማይችልበት ሰዓት ሲደርስ ከርነሉ አንዱን ሂደት መርጦ በ9 ቁጥር ምልክት ይገድለዋል። ምልክቱ ሊመከት ስለማይችል ሟቹ ሰርቨር አንዲት ቃል ሳይጽፍ ይጠፋል። ማስረጃው በዋናነት የሚገኘው በከርነሉ መዝገብ ነው። በዚያም ሁለት ዐይነት መልእክት ሊገኝ ይችላል፦ አንዱ የመላው መሣሪያ ማኅደር እንዳለቀ፣ ሌላው የአንድ ቡድን ድርሻ እንዳለቀ ይናገራል። በእንግሊዝኛው ሁለቱን የሚለየው የቡድኑ መጠሪያ ብቻ ነው። ተርጓሚው ይህን መጠሪያ «ለማሳጠር» ቢጥለው ሁለቱም «ማኅደር አልቋል» ይሆናሉ፤ አስተዳዳሪውም ድርሻውን በማስፋት ፈንታ አዲስ ማኅደር ይገዛል፤ ሰርቨሩም ዳግመኛ ይሞታል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አቻዎች ማቅረብ ተገቢ ይመስላል። የ12 ቁጥር ስሕተት «የማኅደር ጥያቄ አልተፈቀደም» ቢባል፣ አንባቢው በቅድሚያ የሂደቱን ገደቦች እንዲመረምር ያመለክታል። ለ1983ቱ ጥንድ «የወቅቱ ገደብ» እና «የገደብ ጣሪያ» ከ«ለስላሳ» እና ከ«ጠንካራ» ይሻላሉ። ለሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ «በመሣሪያው ማኅደር እጥረት ተገደለ» እና «በቡድኑ ድርሻ ማለቅ ተገደለ» ማለት ይቻላል። አገላለጾቹ ረዘም ይላሉ፤ ነገር ግን የቃል ቁጠባ የፍቺን ልዩነት እስኪያጠፋ ድረስ ሊሄድ አይገባውም። በሌሊት የወደቀ ሰርቨር የሚያነሣ ሰው በእጁ ያለው መሪ የመልእክቱ ቃል ብቻ ነውና።