የጋራ መስመር ታሪክ

በሐብሩ ሸለቆዎች በመስኖ የሚያርስ ገበሬ የጋራ ሀብት እንዴት እንደሚከፈል ያውቃል፤ ቦዩ አንድ፣ ማሳው ብዙ ስለሆነ የውኃ አባት ተራ ይደለድላል። የቴሌኮሙኒኬሽንም ታሪክ በአብዛኛው የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ቴሌፎን ጥያቄውን የመለሰው በተራ ነበር። ሁለት ሰዎች የያዙት መስመር እስኪጨርሱ ድረስ የእነርሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ይጠብቃል። የዴንማርኩ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጥናት የጥሪዎችን አመጣጥ በሒሳብ መርምሮ፣ ለስንት ደንበኛ ስንት መስመር እንደሚበቃ ለመተመን መንገድ ከፈተ።

በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ኢንተርኔት ግን ሌላ ሥርዓት ይዞ መጣ። መልእክት በጥቃቅን እሽግ ተከፋፍሎ ከሌላው ጋር እየተሰባጠረ ስለሚጓዝ፣ ማንም አይከለከልም፤ ሁሉም ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ፣ በሴኮንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረ መስመር ከመጨናነቅ የተነሣ ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው መፍትሔ፣ መጨናነቅ ሲከሠት እያንዳንዱ ላኪ ራሱን እንዲገታ የሚያደርግ ነበር።

ይሁንና ራስን መግታት የውኃ አባትን አይተካም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት የሚከፍት ቤት ድርሻው ይበዛል። ስለሆነም በወልድያም ሆነ በመርሳ የቤት መስመር ሲታቀድ፣ ወደ ቤት ከሚገባው ሽቦ ይልቅ ብዙዎች የሚጋሩት ዋና መስመር፣ ያውም ሁሉም በሚጠቀምበት በምሽቱ ሰዓት፣ መለካት አለበት። ለደንበኛውም ከከፍተኛው ፍጥነት ጋር፣ ከስንት ጎረቤት ጋር እንደሚጋራና ዝቅተኛው ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ ሊነገረው ይገባል።