ፋንዚን፦ በመቀስና በሙጫ የተሠራው የሮክ መጽሔት እና የሴት ሙዚቀኞች ድምፅ

በሮክ፣ በፓንክና በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ትልልቆቹ መጽሔቶች ዘግይተው የደረሱባቸው፣ ወይም ጨርሰው ያልደረሱባቸው በርካታ ሙዚቀኞች አሉ። የእነዚህን ሙዚቀኞች የመጀመሪያ ዓመታት መዝግበው ያቆዩት በአብዛኛው አድናቂዎች በገዛ ገንዘባቸው ያሳተሟቸው ትንንሽ መጽሔቶች ናቸው። ፋንዚን ይባላሉ።

ወረቀታቸው ርካሽ፣ ፊደላቸው የደበዘዘ፣ ሥርጭታቸውም የተወሰነ ነበር። ይሁንና ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ተቀምጠው ተመራማሪዎች ያገላብጧቸዋል። በተለይ የሴት ሙዚቀኞችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከእነርሱ የተሻለ ምስክር ብዙ ጊዜ አያገኙም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው ከየት መጣ?

ፋንዚን የሚለው ቃል "አድናቂ" እና "መጽሔት" የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጣምሮ የተፈጠረ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት በ1940 ራስ ሾቬኔ የተባለ አሜሪካዊ የሳይንስ ልብወለድ አድናቂ ነው። ቃሉ ባይኖርም ነገሩ ግን ቀደም ብሎ ነበር። የሳይንስ ልብወለድ አንባቢዎች ከ1930 ጀምሮ የራሳቸውን መጽሔት እያባዙ በፖስታ ይለዋወጡ ነበር።

ልማዱ ወደ ሮክ ሙዚቃ የተሻገረው በ1960ዎቹ ነው። በ1966 ፖል ዊልያምስ የተባለ የ17 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ "ክሮዳዲ" የተሰኘ መጽሔት በአሜሪካ ጀመረ። የሮክ ሙዚቃ እንደ ሥነ ጽሑፍና እንደ ፊልም በቁም ነገር ሊተች ይገባዋል የሚል እምነት ነበረው። የመጀመሪያዎቹን እትሞች ያባዛው በስቴንስል በሚሠራ ማባዣ ነበር። ተመሳሳይ ማሽን በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ በራሪ ጽሑፎችን ለማዘጋጀት ይጠቀምበት እንደነበር የዚያ ትውልድ ሰዎች ያስታውሳሉ።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በሐምሌ 1976፣ ማርክ ፔሪ የተባለ የለንደን የባንክ ጸሐፊ "ስኒፊን ግሉ" የተሰኘውን የፓንክ ፋንዚን አወጣ። የመጀመሪያው እትም 50 ቅጂ ያህል ብቻ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በ12ኛው እትም ሲያበቃ ቅጂዎቹ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ፔሪ አንባቢዎቹን የእርሱን መጽሔት ከመጠበቅ ይልቅ የየራሳቸውን እንዲጀምሩ ያበረታታ ነበር፤ ብዙዎችም ሰሙት።

እንዴት ይዘጋጅ ነበር?

የሥራው መሣሪያዎች በማንኛውም ጽሕፈት ቤት የሚገኙ ናቸው፦ የጽሕፈት መኪና፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ጥቁር እስክሪብቶና ስቴፕለር። አዘጋጁ ጽሑፉን ከተየበ በኋላ በሚፈልገው ስፋት ይቆርጠዋል። ከፎቶግራፍና ከጋዜጣ ከተቀደዱ ፊደላት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ወረቀት ዋናው ቅጂ ይሆንና በፎቶ ኮፒ ይባዛል። ገጾቹ ለሁለት ታጥፈው መሐላቸው ላይ ይሰፋሉ።

በገጽ አቀማመጥ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ወረቀት ታጥፎ አራት ገጽ ስለሚሆን የመጨረሻውና የመጀመሪያው ገጽ በአንድ ፊት ጎን ለጎን ይውላሉ። ስለዚህ የአንድ ፋንዚን የገጽ ብዛት ብዙውን ጊዜ በአራት የሚካፈል ነው። ፎቶ ኮፒ ግራጫ ቀለምን በደንብ ስለማይዝ አዘጋጆቹ ብርሃንና ጥላው በግልጽ የተለየ ፎቶግራፍ ይመርጡ ነበር። የፋንዚኖች መለያ የሆነው ጥቁርና ነጭ መልክ የተወለደው ከዚህ እጥረት ነው።

ትርፍ የሚያገኝ አዘጋጅ ጥቂት ነበር። ዋጋው የወረቀቱንና የፖስታውን ወጪ ከሸፈነ እንደ ስኬት ይቆጠራል።

የሜታል የፖስታ መረብ

የሄቪ ሜታል ፋንዚኖች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተበራከቱ። የሙዚቃውን የመጀመሪያ እርምጃዎችም ቅርጽ አስያዙ። ብራያን ስሌገል የተባለ የሎስ አንጀለስ ወጣት በ1981 ፋንዚን ጀመረ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ "ሜታል ማሳከር" የተሰኘ የስብስብ አልበም አሳተመ። ሜታሊካ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተደመጠው በዚህ ስብስብ ነው። የባንዱ ስም ራሱ ከፋንዚን ዓለም የመጣ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ሮን ኪንታና ለሚያዘጋጀው መጽሔት ከያዛቸው የስም አማራጮች አንዱ ነበር፤ ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ለባንዱ ወሰደው።

በኖርዌይ ደግሞ ዮን ክሪስቲያንሰን በ1985 "ስሌየር" የተባለውን ፋንዚን ጀምሮ እስከ 2010 ድረስ 20 እትሞች አወጣ። የሰሜን አውሮፓን የሜታል ታሪክ ለሚያጠኑ ሰዎች ዋና ምንጭ ሆኗል።

ያን ጊዜ ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው የሚደረገው በደብዳቤ ነበር። አዘጋጁ 15 ወይም 20 ጥያቄ ጽፎ ይልካል። ሙዚቀኛው በእጁ ጽፎ ወይም በካሴት ቀድቶ ይመልሳል። ምላሹ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ለመልሱ የሚሆን የዓለም አቀፍ ፖስታ ኩፖን ከደብዳቤው ጋር መላክ የተለመደ ጨዋነት ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ቴምብሩን ሙጫ ወይም ሳሙና መቀባትም የታወቀ ዘዴ ነበር፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ታጥቦ ስለሚለቅ ቴምብሩ ተመልሶ ያገለግላል።

የደብዳቤ ቃለ መጠይቅ ጉድለት ነበረበት። ተከታይ ጥያቄ ማንሳት አይቻልም፤ ሙዚቀኛው የማይወደውን ጥያቄ ማለፍ ይችላል። በሌላ በኩል መላሹ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል፤ ቃሉም በገዛ እጁ የተጻፈ ስለሆነ የመጣመሙ ዕድል ያነሰ ነው። በትልልቅ መጽሔቶች ላይ ቃላቸው ተቆራርጦ ለሚወጣባቸው ሴት ሙዚቀኞች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሶማሊያዊው ልጅ በለንደን መድረክ

የፓንክ ፋንዚኖች ከዘገቧቸው ሴቶች አንዷ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራት። ፖሊ ስታይሪን በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀው ማሪያን ኤልየት በ1957 በእንግሊዝ ተወለደች። አባቷ ሶማሊያዊ፣ እናቷ ብሪታኒያዊት ነበሩ። በሐምሌ 1976፣ 19 ዓመት በሞላት ቀን፣ የሴክስ ፒስትልስን ዝግጅት ተመልክታ የራሷን ባንድ ለመመሥረት ወሰነች።

"ኤክስ ሬይ ስፔክስ" የተባለው ባንዷ በ1978 ያወጣው አልበም ስለ ሸማችነት፣ ስለ ፕላስቲክ ዓለምና ስለ ማንነት ይናገራል። ጥርሷን በብረት ያሳሰረች፣ እንደ ውበት ጌጥ ለመታየት ፈቃደኛ ያልሆነች ጥቁር ድምፃዊት በዚያ ዘመን መድረክ ላይ እንግዳ ነበረች። በ2011 በካንሰር አረፈች። ልጇ ሴለስት ቤል በኋላ ስለ እናቷ ሕይወት ዘጋቢ ፊልም በጋራ አዘጋጅታለች፤ ፊልሙ የተመረኮዘው ፖሊ ትታቸው በሄደችው ማስታወሻዎችና ሥዕሎች ላይ ጭምር ነው። አርቲስቷ ራሷ ያስቀረችው ወረቀት ባይኖር ታሪኩ በሌሎች አንደበት ብቻ ይቀር ነበር።

ሴቶች በሄቪ ሜታል

ሄቪ ሜታል ለረጅም ጊዜ የወንዶች ሙዚቃ ተደርጎ ቢታይም ሴቶች ከጅምሩ ነበሩበት። ገርልስኩል የተባለው፣ አባላቱ በሙሉ ሴቶች የሆኑ ባንድ በ1978 በለንደን ተመሠረተ። በ1981 ከሞተርሄድ ጋር በጋራ ያወጣው ሥራ በብሪታኒያ የሽያጭ ሠንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። ጀርመናዊቷ ዶሮ ፔሽ ዋርሎክ የተባለውን ባንድ እየመራች በ1986 በእንግሊዝ ዶኒንግተን በሚካሄደው ትልቅ የሮክ ድግስ ላይ ቀርባለች። ጆ ቤንች ከ1987 ጀምሮ የቦልት ትሮወር ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሆና ለአሥርት ዓመታት አገልግላለች።

የጀርመናዊቷ አንጄላ ጎሶው ታሪክ ደግሞ ቃለ መጠይቅ በሁለቱም በኩል በር ሊከፍት እንደሚችል ያሳያል። ጎሶው የራሷን ባንድ ይዛ ስለ ሙዚቃም ትጽፍ ነበር። አርክ ኤነሚ ከተባለው የስዊድን ባንድ አባል ጋር ቃለ መጠይቅ ስታደርግ የራሷን ቅጂ ሰጠችው። ባንዱ በ2000 አዲስ ድምፃዊ ሲፈልግ ተጠራች። ጎርናና ድምፅ የወንድ ጉሮሮ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በእርሷ ሥራ በእጅጉ ተናጋ።

የማይጠገበው ጥያቄ

ይሁንና የሴት ሙዚቀኞች ቃለ መጠይቅ ለዓመታት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር ቆይቷል፦ በወንዶች መካከል ሴት መሆን ምን ይመስላል? ጥያቄው በራሱ ክፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ቦታውን በሙሉ ሲይዝ ነው። ወንዱ ጊታሪስት ስለ መሣሪያው አቃኘት፣ ስለ ቀረጻውና ስለ ዜማው ሲጠየቅ ሴቷ ስለ ልብሷና ስለ ባልደረቦቿ ትጠየቃለች። በመጨረሻ ከእርሷ የሚቀረው የሙያ ታሪክ ሳይሆን የመገረም ታሪክ ይሆናል።

ይህ ሁኔታ ባለፉት ዓመታትም አልጠፋም። ቮይስ ኦፍ ባቸፕሮት የተባለው የኢንዶኔዥያ ባንድ በ2014 በምዕራብ ጃቫ በሦስት ሙስሊም ታዳጊ ሴቶች ተመሠረተ። በ2024 በብሪታኒያው ግላስተንበሪ ፌስቲቫል በመጫወት ከአገሩ የመጀመሪያው ባንድ ሆኗል። ይሁንና በርካታ ዘገባዎች ስለ ሙዚቃቸው ከመናገራቸው በፊት የሚያነሱት ሂጃባቸውን ነው።

በጥሩ ፋንዚኖች ዘንድ የሚታየው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ጠያቂው አልበሙን አስቀድሞ በሚገባ ያዳምጣል። ስለ ሥራው የሚጠይቀውን ያስቀድማል፤ ስለ መድልዎ የሚጠይቀው ሙዚቀኛዋ ስትፈቅድና ጉዳዩን ራሷ ስታነሳው ነው። ቤተሰብ ወይም ማኅበረሰብ ሙዚቃውን በሚቃወምበት ቦታ ደግሞ ስም፣ ከተማና ፎቶግራፍ ከመውጣታቸው በፊት ከባለቤቷ ጋር ይመከርበታል። የታተመ ወረቀት አይመለስምና።

የራስን መጽሔት ማውጣት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተነሣው "ራየት ገርል" የተባለ የሴት ፓንኮች እንቅስቃሴ ፋንዚንን ዋና መሣሪያው አደረገ። በዋሽንግተን ግዛት ኦሊምፒያ ከተማ ቶቢ ቬይል "ጂግሶ" የተሰኘውን አዘጋጀች። ካትሊን ሃና የምትገኝበት ቢኪኒ ኪል ባንድም በራሱ ስም በሚጠራው ፋንዚን በ1991 የእንቅስቃሴውን መግለጫ አሳተመ። ጋዜጦች ዓላማቸውን ትተው አለባበሳቸውን ሲዘግቡ ከአባላቱ ብዙዎቹ ቃለ መጠይቅ መስጠት አቆሙ። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸውን የገለጹት በዋናነት በራሳቸው ገጾች ነው።

ፋንዚኑ ለውስጥ ሒስም ቦታ ሰጠ። ራምዳሻ ቢክሲም የተባለች ጥቁር ወጣት "ጋንክ" በተሰኘው መጽሔቷ የእንቅስቃሴው መድረክ በነጮች የተሞላ መሆኑን ጻፈች። ሚሚ ቲ ንጉየን በ1997 ባሳተመችው ስብስብ የቀለም ጉዳይን ዋና ርእስ አደረገች። በሜታል ሙዚቃም ካናዳዊቷ ጸሐፊ ሌይና ዶውስ በ2012 ስለ ጥቁር ሴቶች በሜታል መድረክ መጽሐፍ አሳትማለች። መጽሐፉ የእርሷን ተሞክሮ ከሌሎች ጥቁር ሴት ሙዚቀኞችና አድናቂዎች ቃለ መጠይቅ ጋር ያጣመረ ነው።

በአፍሪካ

በአፍሪካ የሜታል መድረክ በስፋት ከሚታወቅባቸው አገሮች አንዷ ቦትስዋና ናት። ቆዳ ልብስ የሚለብሱት ሴት የሜታል አድናቂዎቿ "ንግሥቶች" ይባላሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ፖል ሻካሊስ ንግሥቶቹን በሚኖሩበት ስፍራ ያነሣበት ሥራ ዓለም አቀፍ ትኩረት አግኝቷል። በኬንያም የሮክና የሜታል ባንዶች አሉ። ዱማ የተባለው የናይሮቢ ባንድ በ2020 በኡጋንዳው ኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስ አማካይነት አልበም አውጥቷል።

በኢትዮጵያ የሮክን ድምፅ ከአገር ዜማ ጋር በማዋሐድ የሚታወቀው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 "ኤርታሌ" የተሰኘ አልበም ሲያወጣ ከድምፃውያኑ መካከል ሄዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ የተባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። በአካባቢው ካሴት እያባዙ ሙዚቃ የመለዋወጥ ልማድ ከሜታል የፖስታ መረብ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ካሴቱን የሚያጅብ፣ አድናቂው ራሱ የሚጽፈው መጽሔት እምብዛም አለመታየቱ ነው።

ከመሳቢያ ወደ ቤተ መዛግብት

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ብዙ ፋንዚኖች ቆሙ። ይሁንና ወረቀቱ ዋጋው ጨመረ። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በፌልስ ቤተ መጻሕፍቱ የራየት ገርል ሰነዶችን ሰብስቦ ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል፤ ከስብስቡ የተመረጡ ገጾችም በ2013 በሊሳ ዳርምስ አዘጋጅነት በመጽሐፍ ታትመዋል። ክሪስቲያንሰን በኖርዌይ ያዘጋጃቸው እትሞችም በአንድ ጥራዝ ወጥተዋል።

ከዲጂታል ዘመን መባቻ የሙዚቃ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ባለቤታቸው ክፍያ ሲያቋርጥ ጠፍተዋል፤ በእነርሱ ላይ የወጡ ቃለ መጠይቆችም አብረው ሄደዋል። በስቴፕለር የተያያዘ ባለ 20 ገጽ ወረቀት ግን በአንድ መሳቢያ ውስጥ 40 ዓመት መቆየት ችሏል። ዛሬም ፋንዚን የሚያዘጋጁ ወጣቶች የመጀመሪያውን ቅጂ ለጓደኛ፣ ሁለተኛውን ለቃለ መጠይቁ ባለቤት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ቢሰጡ፣ ሥራቸው ከእነርሱ በኋላም የሚገኝበት ዕድል ይሰፋል።