ሸማኔው ስም አለው፤ ፈታይዋስ?

«የሀገር ልብስ የሚሠራው ማነው?» ብለን ብንጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ «ሸማኔ» እንደምትሉን አንጠራጠርም። እኛም ያው ነን። ሽሮ ሜዳ ወጥተን ነጠላ ስናማርጥ የምናየው ጥለቱን ነው፤ ቢበዛ የዶርዜ ሸማኔን እጅ አድንቀን እናልፋለን። ነጋዴው ግን ዋጋ ሊጨምርብን ሲፈልግ «የእጅ ፈትል እኮ ነው!» ይለናል። ልብ በሉ፣ ያስወደደው ሽመናው አይደለም፣ ፈትሉ ነው። ታዲያ ይህን ፈትል የፈተለችው ማነች? ከተጨመረው ብርስ ስንቱ ይደርሳታል? የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህች ሴት ነው።

እስቲ ከሥራው እንነሳ። ጥጥ ከማሳ ወጥቶ ዝም ብሎ ሸማ አይሆንም። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ በብረት መዳመጫ ይዳመጥና ፍሬው ይለቀማል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ያን ጊዜ እንደ ጉም የሳሳ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሠራና ከአመልማሎው ላይ እንዝርቷን እያሾረች ክሩን ትስበዋለች። ለድር የሚሆነው ክር ቀጭንና ጠንካራ፣ ለማግ የሚሆነው ላላና ለስለስ ያለ መሆን አለበት፤ ሁለቱን በጣቷ ለይታ የምታወጣ ሴት በእውነቱ መሐንዲስ ናት ብንል ያስቃል? ለእኛ አያስቅም። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን የሚያመላልሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንዝርት ደግሞ አዝጋሚ ዕቃ ነው። ሸማኔው በቀናት ለሚጨርሰው ጋቢ ፈታይዋ ሳምንታት ትቀመጥለታለች። ከጋቢው ውስጥ የተጠራቀመው ጊዜ ብዙውን የእሷ ነው ማለት ነው።

ይህ የድሃ ቤት ሥራ ብቻ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሀገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ወይዛዝርቱ ጭምር እንደሚፈትሉ ጽፈዋል። እህል መፍጨትና ውኃ መቅዳት የገረድ ሥራ ሲሆን ፈትል ግን ለእመቤትም የሚያሳፍር አልነበረም። ምክንያቱም ሸማ ሀብት ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ አገልግሏል፤ ለግብርም ይገባ ነበር።

ከሁሉ የገረመን ግን የአሠሪና የሠራተኛው ነገር ነው። በልማዱ ሸማኔው ክር ገዝቶ፣ ሸማ ሠርቶ፣ ገበያ የሚያወጣ ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ፈትሏን ይዛ ትመጣለች፣ ስንት ክንድ እንደምትፈልግ ትነግረዋለች፣ የእጁን ዋጋ ትከፍለዋለች፣ ሸማዋን ትረከባለች። ጥሬ ዕቃውን ያቀረበች፣ ሥራውን ያዘዘች፣ ኪሳራውንም ትርፉንም የምትሸከም እሷ ነች። ዛሬ በየስልጠናው አዳራሽ «ሥራ ፈጣሪ» የምንለው ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? እሷን ግን የጠራናት «ባለሙያ» ብለን ነው። ደስ የሚል ቃል ነው፤ እናቶቻችን በኩራት የሚሉት። ነገር ግን ባለሙያነቷ የሚነገረው ለትዳር ስትታጭ እንጂ ሒሳብ ሲሠራ አልነበረም። ምስጋናው ዋጋውን ሸፈነው ባይ ነን።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸውን በትምህርት ቤት የሰማን ብዙ ነን። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸማ ሠሪው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይዋረድ ነበርና። ፈታይዋ ግን ይህ አዋጅ አላስፈለጋትም። የሠራተኛ ስም የሌለውን ሰው ማን ይሰድባል? ስድቡ የደረሳት ሥራዋን ገበያ ያወጣችው ሴት ነበረች፦ ሸክላ ሠሪዋ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩትን ቤተ እስራኤል ሴቶች አስቡ። ጀበናውንና ድስቱን ከእጃቸው የገዛ ሰው ዘወር ብሎ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። እነሱ ግን ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን እየሠሩ መንገድ ዳር መሸጥ ጀመሩ፤ አዲስ ደንበኛ፣ አዲስ ዕቃ! በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱም ንግዱ አልሞተም፤ ጎረቤቶቻቸው ያዙት። ስድቡን ያመጣው ገበያ መውጣቱ ነው፣ ስሙንም ያተረፈላቸው እሱው ነው።

ወደ ፈትላችን እንመለስ። የፈታይዋን ገበያ መጀመሪያ የነካው ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ወታደሩም ድሃውም ለበሰው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ዕቃው እንደ ልብ ገባ። በኋላ ድሬዳዋ፣ አቃቂና ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ሸማኔው ከዚህ ሁሉ ተረፈ፤ እንዲያውም ተጠቀመ ማለት ይቻላል፤ የፋብሪካ ክር ገዝቶ ድር ማድረግ ጀመረ። የፋብሪካው ክር አይበጠስም፣ እኩል ነው፣ ሳምንታት አያስጠብቅም። ለፈታይዋ የቀረላት ማጉ ነው። ከሥራዋ ግማሹ፣ ያውም ጥንካሬ የሚጠይቀው ግማሽ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከእጇ ወጣ። ፋብሪካ ሲዘጋ ሰልፍ ይወጣል፤ እንዝርት ስትሰቀል የሚሰማ የለም።

መንግሥታቱስ? ደርግ በ1969 ዓ.ም. ለእደ ጥበብና ለአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች የሚሆን ድርጅት አቋቁሞ ነበር፤ በምሕጻረ ቃሉ «ሃሲዳ» የሚባለው። ሸማኔዎችም በማኅበር ተደራጁ። የሸማ ማኅበር ግን የሚደራጀው በሽመና ዕቃው ዙሪያ ነው፤ በየጓዳዋ ተበታትና የምትፈትል ሴት በየት በኩል ትገባለች?

ሕጉም የራሱ ጨዋታ ነበረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ፣ የጋራውን ንብረት ለእሱ ሰጥቶ፣ ሚስት የራሷን ገቢ ግን እንድታስተዳድር ፈቅዶ ነበር። እሰየው! ግን እዚያው ሕግ ውስጥ፣ ባል አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ትሠራለች ይላል። እንግዲህ ፍረዱ፦ ለባሏ ጋቢ የምትፈትል ሴት የሠራችው «ገቢ» ነው ወይስ «የቤት ሥራ»? ያው እንዝርት፣ ያው ጥጥ፣ ያው ጭን ነው። ልቃቂቱ ከደጃፉ ከወጣ ገንዘቧ ነው፤ ካልወጣ ግዴታዋ ነው። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ንብረታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አድርጓል፤ ትልቅ ነገር ነው። የፈትሉን ዋጋ የሚተምን አንቀጽ ግን ከሕግ አይጠበቅም፤ እሱ የገበያ ነው።

ገበያው ደግሞ ሁለት ፊት አሳየን። በአንድ በኩል በ2004 እ.ኤ.አ. ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥን ከአሮጌ ጎማ ጋር አጋብቶ ጫማ አድርጎ ለዓለም ሸጠ። ሳባሃርም ቤታቸው ሆነው ሐርና ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶችን ክር እየተረከበ ውጭ ሀገር ይልካል። ባሕር ማዶ ያለው ገዥ «እጅ የነካው» ለሚለው ቃል ብቻ ተጨማሪ ይከፍላል። በሌላ በኩል ጥበብ የታተመበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ሸማ የሚመስል የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ እየገባ በበዓል ሰሞን ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። ለእሱ ድርም ማግም የፈተለች የሀገር ሴት የለችም። እኛም በጀታችን ሲያጥር እንገዛዋለን፤ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ አይሆንልንም።

እና ሽሮ ሜዳ ስትወጡ «ማጉን ማን ፈተለው?» ብላችሁ ጠይቁልን። አንዳንዱ ነጋዴ የሚያውቃት አለ፤ እንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እማማ ናቸው፣ ባዘቶ እንወስድላቸዋለን፣ በኪሎ እንከፍላቸዋለን ይላችኋል። እኒያ እማማ የቀበሌ መታወቂያቸውን ቢያሳዩዋችሁ «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው «የቤት እመቤት» ነው።