የዚህ አገር ወንዝ የት ነው?



ባለፈው ሰሞን በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጬ ሳለሁ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት «ልጄ፥ የዚህ አገር ወንዝ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ማኅበራዊ ሠራተኛ የሆንኩት እዚሁ አካባቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የምመልሰው አጣሁ። በጎንደር አባቶቻችን መንደር የሚቆረቁሩት ከወንዝ ዳር ነበር፤ መንጻት የሚቻለው በወራጅ ውኃ ነውና። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለእኒያ እናት የዘገየ መልስ ነው።

አፉላ ያለችው በኢይዝራኤል ሸለቆ፥ በውኃ መክፈያ ላይ ነው። በስተምዕራብ የዘነበው ዝናም ወደ ቂሶን ገብቶ በሐይፋ በኩል ወደ ባሕር ይፈስሳል። በስተምሥራቅ የዘነበው ደግሞ በሐሮድ ጅረት ወርዶ ከዮርዳኖስ ይቀላቀላል። ተከዜን ያየ ሰው እነዚህን ቦይ ናቸው ቢል አልፈርድበትም። ስማቸውን ግን ሽማግሌዎቻችን ከቄሶች አፍ ሰምተውታል። ዲቦራና ባራቅ በተዋጉ ጊዜ የሲሣራን ሠራዊት ጠርጎ የወሰደው ይኸው ቂሶን ነው። ጌዴዎንም ሦስት መቶውን ሰዎች በአጠጣጣቸው የለየው በሐሮድ ምንጭ ነው።

አፉላ የሚለው ስም ከባቄላ የመጣ ነው። በቦታው ኤል ፉላ የሚባል የዐረብ መንደር ነበረ፤ ከዚያ በፊት የነበረው የመስቀል ጦረኞች ምሽግም በቋንቋቸው «ባቄላ» ይባል ነበር። በ1905 ከሐይፋ ወደ ደርዓ የሚሄደው የቱርኮች ባቡር በዚህ አለፈ። በ1910 ይሆሹዓ ሐንኪን መሬቱን ከቤይሩቱ የሱርሶክ ቤተሰብ ገዛ፤ በ1911 መርሐቢያ ተቆረቆረች። መሬቱን ያርሱ የነበሩት ጭሰኞች ግን እንዲለቁ ተደረጉ። ይህን ዘልሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ርስት አጥቶ የሰው መሬት ማረስ ምን እንደሆነ ወላጆቻችን ያውቁታልና።

በ1921 ኪቡጽ ኤን ሐሮድና ሞሻቭ ናሃላል ተመሠረቱ። የሸለቆው ረግረግ ወባ የሞላበት ነበር። ደገኛ ቆላ ወርዶ እንደሚታመመው ሁሉ፥ ከአውሮፓ የመጡት ወጣቶችም በንዳድ ወደቁ። ቦይ ቆፍረው ረግረጉን አደረቁት። አፉላ በ1925 ተቆረቆረች፤ ዛሬ የምንታከምበት የሃኤሜክ ሆስፒታልም ከ1930 ጀምሮ በዚሁ ከተማ አለ። አሁን እርሻው ስንዴና ጥጥ ነው፤ ልጆቻችን ጣቢያው ውስጥ ሲቆረጥሙት የሚውሉት የሱፍ ፍሬም አፉላ የታወቀችበት ነው። (ልጣጩን መሬት ላይ አትጣሉ ብዬ ደክሞኛል።)

የወደፊቱስ? ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ የነበረው ባቡር በ2016 ከሐይፋ እስከ ቤት ሸአን እንደገና ተከፍቷል። ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንዞቹ ግን ብዙ ተጎድተዋል፤ በቂሶን ታችኛው ክፍል ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ቆሻሻቸውን ለቀውበታል፤ ጽዳቱም ረጅም ጊዜ ፈጅቷል።

ብዙ ቤተሰቦች «እዚህ የእኛ የሆነ ነገር የለም፥ ወደ መሐል አገር እንሂድ» ይሉኛል። መሄድ መብታችሁ ነው። ነገር ግን አያት ቂሶንን ከኦሪት እያወቁ፥ የልጅ ልጅ ደግሞ በየቀኑ በላዩ እየተሻገረ ስሙን ሳያውቅ መሄዱ ያሳዝነኛል።

የሐሮድ ምንጭ ከጊልቦዓ ተራራ ሥር ዛሬም ይፈልቃል። እኒያን እናት ማክሰኞ ይዣቸው ልሄድ ተቀጣጥረናል። አብሮን መምጣት የሚፈልግ ጧት በሦስት ሰዓት ከጣቢያው፥ ወደ ቤት ሸአን የሚሄደው አውቶቡስ ከሚቆምበት ያግኘን። የመግቢያ ገንዘብ ስለሚያስከፍል ጥቂት ሽቅል ያዙ።