የወንዜ ልጅ በያር ዳርቻ

ከእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍ ማዶ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ያር የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። ምንጩ ከደቡቡ ባሕር የሚርቀው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ወንዙ ግን በዚያ በኩል ወደ ባሕር አይገባም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ያቀናል። በረግረግ መካከል እየተጠማዘዘና እየሰፋ ሄዶ፣ የደሴቲቱን ጫፍ ከሞላ ጎደል ቆርጦ፣ ያርመዝ በምትባል የወደብ ከተማ ዘንድ ሶለንት ከተባለው የባሕር ሰርጥ ይቀላቀላል። የመሬትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት፣ ወንዙ በጥንት ዘመን ይነሣ የነበረው ዛሬ ባሕር ከሆነው ምድር ነው። ያንን ምድር ማዕበል በልቶ ጨረሰው። ዛሬ የምናየው ራሱን ባሕር የወሰደበትን ወንዝ ነው።

በጥቅምት መገባደጃ ላይ፣ ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ የተሠራች፣ ጎማዋ ሰፋ ያለ ብስክሌቴን ይዤ ከሊሚንግተን በመርከብ ተሻገርሁ። ከያርመዝ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው በ1793 ከተሠራ፣ በባሕር ሙላት ኃይል ይፈጭ ከነበረ የወፍጮ ቤት አካባቢ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መንገዱ ራሱ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ በ1889 መንገደኞችን መጫን ጀመረ፤ በ1953 ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቀለ። የቀረውን ጠፍጣፋ መንገድ ዛሬ እግረኛና ብስክሌተኛ ይጋሩታል።

ወደ ደቡብ ስነዳ ወንዙ በቀኜ ነበር። ባሕሩ ጎድሎ ስለ ነበር ጭቃው እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። ሳቢሳዎች በጭቃው ላይ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፤ የሳይቤሪያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዝዮች በጨዋማው ሣር ላይ ይንጫጫሉ። ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ቅጠል የረገፈበት ስፍራ ስደርስ ድምፁ ይጠፋል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሰው አይቸኩልም፤ ሐሳቡም አብሮት ይጓዛል።

ወደዚህ ያመጣኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። በጁላይ 1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባሉት ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ፣ በዚህ ወንዝ ምንጭ አጠገብ በምትገኘው ፍሬሽወተር መንደር፣ የአንድ ሰባት ዓመት ሕፃን ምስል አነሡ። ልጁ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ነበር። በምስሉ ላይ ፈገግታ የለም። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ሐዘን ብለው ሐዘን ነው፤ ድካም ብለውም ድካም ነው። በአማርኛችን ከአንድ አገር የወጣን ሰው «የወንዜ ልጅ» እንለዋለን። ፎቶግራፉን ካየሁ በኋላ፣ ይህ የወንዜ ልጅ የተቀመጠበትን የሰው ወንዝ ላይ ታች ብዬ ማየት ፈለግሁ።

አባቱ መቅደላ አምባ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ። የጄኔራል ናፒዬር ጦር አምባውን ዘርፎና አቃጥሎ ሲመለስ፣ እቴጌ ጥሩወርቅንና ልጃቸውን ይዞ ወረደ። እቴጌይቱ ታመው ነበርና አንድ ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በመንገድ ዐረፉ፤ በትግራይ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሕፃኑ ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ መርከብ ተሳፈረ።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ልብ የሚለው አንድ ነገር አለ። ልጁን እያስተማሩ አብረውት እንዲሄዱ ታስበው ከነበሩት ሰዎች አንዱ አለቃ ዘነብ ነበሩ። እኒህ ሰው የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉ፣ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ»ንም የተዉልን ሊቅ ናቸው፤ የአማርኛ ስድ ንባብ ሲወለድ ከአዋላጆቹ አንዱ ቢባሉ ማጋነን አይሆንም። አለቃ ዘነብ ግን እንግሊዝ አልደረሱም፤ ከመንገድ ተመለሱ። ልጁ አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን በጨለቆት፣ መምህሩን ደግሞ በመንገድ ላይ አጣ።

የቀረለት ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። ይህ እጅግ ረጅም እንግሊዛዊ መኮንን ቀድሞ አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ አጥርቶ የሚናገር፣ ኢትዮጵያውያንም «ባሻ ፈለቀ» ብለው የሰየሙት ሰው ነው። ልጁን በዋይት ደሴት፣ በኦዝቦርን ቤተ መንግሥት፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ አቀረበው፤ ንግሥቲቱም ወደዱት። ከዚያ ወደ ፍሬሽወተር ወሰደው።

የድሮው የባቡር መንገድ የሚያበቃው ወንዙን በሚሻገር አንድ ዝቅ ያለ መሻገሪያ ዘንድ ነው። ከብስክሌቴ ወርጄ በሁለቱም በኩል ተመለከትሁ። የባሕሩ ሙላት የሚያበቃው እዚህ ግድም ነው። በሰሜን በኩል ጨዋማው ረግረግ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ ጨው ያልነካው ውሃና ረጃጅም ሸምበቆ ነው። ፍሬሽወተር ማለትም ጨው የሌለበት ጣፋጭ ውሃ ማለት ነው። ከሸምበቆው አጠገብ አፍተን የሚባል የቆየ የባላባት ርስት አለ። ካፒቴን ስፒዲ በ1868 መጨረሻ ያገባት ሴት ከዚያ ቤት የተገኘች ነበረች። ሕፃኑ ይህን ሸምበቆ አይቶት ይሆናል፤ ስሙንም በአማርኛ ያውቀው ነበር።

ከዚያ በረግረጉ ዳር ጥቂት እንደ ነዳሁ ባሕሩ ፊት ለፊት ተገለጠ። የካሜሮን ቤት ከባሕረ ሰላጤው በላይ ዛሬም አለ፤ ቤተ መዘክር ሆኗል። ጎረቤታቸው የነበረው ባለቅኔ ቴኒሰን ይመላለስበት በነበረው ነጭ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ አናት ላይ በ1897 የተተከለ የመታሰቢያ መስቀል ይታያል። ካሜሮን ካፒቴን ስፒዲንም በኢትዮጵያ ልብስ ከልጁ ጋር አንሥተውታል። ያን ምስል ባየሁ ቁጥር ግራ ይገባኛል። ለትልቁ ሰው የኢትዮጵያ ልብስ ጌጥ ነው፤ ለትንሹ ልጅ ግን ከአገሩ የቀረው ነገር ነው።

ያሳደጉት ሁሉ ክፉ ነበሩ ለማለት አይደለም። ስፒዲ ይወደው ነበር፤ ልጁም ከእሱ መለየት አይፈልግም ነበር። ወደ ሕንድ፣ ከዚያም ወደ ማላያ ይዞት ሄደ። ነገር ግን በ1870ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ከስፒዲ ተለይቶ በእንግሊዝ እንዲማር ወሰነ። በቸልተናም፣ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ፤ በዚያም አልሆነለትም። ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ አጠገብ በሳንባ ሽፋን ሕመም ሞተ። ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ነበር። በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ።

«ዓለም አየሁ» የሚለው ስሙ እንደ ትንቢት ደረሰበት። እውነትም ዓለምን አየ። ማየቱን ግን ማን ጠየቀው? ስለ እሱ ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል፤ ሹማምንት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፤ ካሜሮን ፊቱን አቆይተውልናል። እኔ የምፈልገው ግን እሱ ራሱ፣ በአለቃ ዘነብ ቋንቋ፣ ስለዚህ ረግረግ የሚጽፋትን አንዲት ገጽ ነው። አማርኛ የሚያውቀው አሳዳጊው ከተለየው በኋላ በትምህርት ቤቱ መኝታ ክፍል ውስጥ በዚያ ቋንቋ ማን ያናግረዋል? የመቅደላ ዘረፋ ሲነሣ ዘውዱ፣ ጽላቱና ብራናው ይቆጠራል። እኔ በዚያ ዝርዝር ላይ ያልተጻፈችውን ገጽም እጨምርበታለሁ።

በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ በይፋ ጠይቀው ነበር። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ስፍራ የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳይረብሹ አፅሙን ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ግን በስፒዲ ቤተ ዘመድ ዘንድ ተጠብቆ የቆየ የልዑሉ ፀጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከአንድ መቶ ኀምሳ ዓመት በላይ የሰው ቤት ያደረች ጥቂት ፀጉር ናት።

ወደ ያርመዝ ስመለስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ጠዋት ጭቃ የነበረው ሁሉ በውሃ ተሞልቷል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ በወንዙ አፍ ገብቶ፣ ወንዙን ወደ መጣበት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፔዳሌን ማዞር ትቼ ቆምሁ። ውሃው ሣሩን እያጎነበሰ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ዝዮቹም ተነሥተው ከበላዩ በረሩ። መርከቡ ጥሩንባውን ሲነፋ ሰምቼ እንደ ገና ነዳሁ።