ውሻን ከድመት መጸዳጃ ስለ መከልከል

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ውሻና ድመት በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩባቸው የከተማ ቤቶች፥ በተለይም በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ፥ ባለቤቶቹን ዘወትር የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ይኸውም ድመቷ በሣጥን በተደረገላት አፈር ተጸዳድታ የሸፈነችውን ውሻው ቈፍሮ አውጥቶ መብላቱ ነው። ጕዳዩ ሲነገር የሚያስቅ፥ ሲታይም የሚያስጸይፍ ስለ ሆነ ከሊቃውንት ጉባኤ ፊት እምብዛም አይቀርብም። ይሁን እንጂ ሰው ከእንስሳት ጋር የኖረበትን ሁኔታ የሚመረምር ሰው በንቀት ሊያልፈው አይገባም። በዚያች ትንሽ ሣጥን ዙሪያ የሚቀብር እንስሳ፥ የሚጠርግ እንስሳ፥ በሩን ዘግቶ መኖር የጀመረ ሰው ይገናኛሉና። የሦስቱም ልማድ ለየብቻው ሲታይ ምክንያት ያለው ነው፤ ችግሩ የተወለደው ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ በተዘጉ ጊዜ ነው።

የሚያስከትለውም ጕዳት ቀላል አይደለም። በምትጸዳዳበት ጊዜ ውሻ የሚያደባባት ድመት ሣጥኑን ትታ በምንጣፍና በአልጋ ላይ መጸዳዳት ትጀምራለች። ይህ ደግሞ ድመቶች ከቤት ወጥተው ለእንስሳት መጠለያ ከሚሰጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የውሻው ሆኖ ሳለ ቤቷን የምታጣው ድመቷ ናት።

የድመት ታሪክ የሚጀምረው ከእህል ማከማቻ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለው ሥፍራ ከአንድ ሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረ ድመት ተገኝቶ በ2004 ዓ.ም. ለዓለም ተገልጿል፤ ዕድሜውም 9500 ዓመት ያህል ነው። በደሴቲቱ የዱር ድመት በተፈጥሮ ስላልነበረ የመጣው ሰው በጀልባ አሻግሮት መሆኑ ታውቋል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርመራም የቤት ድመቶች ሁሉ ሊቢካ ከሚባለው የዱር ድመት ወገን የወጡ መሆናቸውን አሳየ። ይህ እንስሳ በደረቅ አገር የሚኖር፥ ብቻውን የሚያድን፥ ከእርሱ የሚበልጡ አውሬዎችም የሚያድኑት ነው። ስለዚህ ዐይነ ምድሩን በልል አፈር መቅበሩ ጠላት እንዳያሸተው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው ብለው ብዙዎች ያስረዳሉ። ሁልጊዜ ይቀብራል ማለት ግን አይደለም፤ የግዛቱን ወሰን ለማሳየት ሲል ሳይሸፍን የሚተውበትም ጊዜ አለ። የሆነ ሆኖ የድመት ግልገል ልል አፈር ካገኘች ማንም ሳያስተምራት ትቈፍራለች። የሣጥኑ ልማድ በሙሉ የተመሠረተው በዚህች አንዲት ጠባይ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋም ምስክርነት ሊታይ ይገባል። አማርኛ የከብቱን እበት፥ የፈረሱንና የበቅሎውን ፋንድያ፥ የበጉንና የፍየሉን በጠጥ፥ የወፉን ኵስ ብሎ ለያይቶ ይጠራል። እበቱ ለምርጊትና ለማገዶ ይሆናል፤ ሌላውም ለማሳ ይጠቅማል፥ ወይም በዓይን ይታያል። የድመቷ ግን ለእርሷ ብቻ የተለየ ስም ያለው አይመስልም። ራሷ የደበቀችውን ነገር ቋንቋው ሊሰይመው ምን ምክንያት ነበረው?

የውሻ ታሪክ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በጀርመን አገር ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለው ሥፍራ በ1914 ዓ.ም. የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዐፅም ሲገኝ የውሻ ዐፅምም አብሮ ተገኝቷል፤ መቃብሩ የ14000 ዓመት ገደማ ነው። ውሻ ከሰው ጋር የተዛመደበትን መንገድ በሚመለከት ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። እንደ እነርሱ አባባል ሰው የተኵላ ግልገል አምጥቶ አላለመደም፤ ከተኵላዎች መካከል ፍርሃት የቀነሰላቸው ወደ መንደሩ ጥራጊ እየቀረቡ የሰውን ትራፊና ቈሻሻ በመብላት ራሳቸውን አለመዱ። በዚህ ላይ የቀረበው ተቃውሞ ብርቱ ነው። የቦኑ ውሻ በኖረበት ዘመን ሰው ገና አዳኝና ዘላን ስለ ነበረ፥ ተኵላን ለትውልድ የሚመግብ ቋሚ የጥራጊ ክምር ከወዴት ይገኛል? ስለ አጀማመሩ ሐሳቡ ቢያከራክርም፥ ከዚያ በኋላ በመንደርና በከተማ ስለ ኖረው ውሻ የሚናገረው ግን ትክክል ነው። ውሻ በብዙ አገር የሰውን ዐይነ ምድር ሳይቀር ሲጠርግ ኖሯል። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር በተቀመጠበት በ1770 እና በ1771 ዓ.ም. ጅቦች ሌሊት በከተማው መንገድ ይመላለሱ እንደ ነበር ጽፏል፤ ሌሊት ጅብ የሚያነሣውን ቀን ውሻ ያነሣዋል።

የተኵላ ነገር ከተነሣ ዘንድ የቅርብ ጊዜ ጥናትም መጠቀስ አለበት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚገኙት ቤንጃሚን ሃርትና ባልደረቦቹ በ2018 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ከስድስት ውሾች አንዱ ያህል የውሻ ዐይነ ምድር ደጋግሞ እንደሚበላ፥ የሚበላውም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቀን ያልበለጠውን ትኵሱን መሆኑን ከባለቤቶች ጠይቀው ተረዱ። ለዚህም የሰጡት ትርጕም አስደናቂ ነው። በዐይነ ምድር ውስጥ የሚወጣው የአንጀት ትል ዕንቍላል ወደሚያስይዝ ደረጃ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ተኵላ በዋሻው አጠገብ የወደቀውን ገና ትኵስ ሳለ ቢያስወግደው ለግልገሎቹ ጤና ይበጃል። ይህ እውነት ከሆነ ውሻው በራሱ ሕግ ንጽሕና ጠባቂ ነው ማለት ነው። ጥናቱ ስለ ውሻ ዐይነ ምድር እንጂ ስለ ድመት አልነበረም፤ በድመቷ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ድመት ከሥጋ በቀር ሌላ ሊያኖራት የማይችል እንስሳ ስለ ሆነች ምግቧ ሥጋና ስብ የበዛበት ነው፤ ከእርሷ የሚወጣውም ለውሻ አፍንጫ የምግብ ሽታ አለው።

ሁለቱ እንስሳት ለብዙ ሺህ ዓመታት በዚህ ጠባያቸው ሲኖሩ ሰውን አላስቸገሩም። ድመቷ በጓሮና በአውድማ ዳር ትቀብራለች፤ ውሻው በደጅ ይጠብቃል። ውሻው አግኝቶ ቢበላም ያየው የለም፥ ያየውም አልገደደውም። በኢትዮጵያ የገጠር ቤት ድመት ምድጃ ዳር ስትተኛ ውሻ በግቢ ያድራል፤ በመካከላቸው ያለው መድረክ ሳይታወቅ ትልቅ ሥራ ይሠራ ነበር።

ይህን ሥርዓት ያፈረሰው የሸክላ አፈር ነው። በአሜሪካ ከተሞች ድመትን ሌሊት ከቤት ማስወጣት የተለመደ ነበር፤ በቤት የሚያኖሯትም በሣጥን አመድ፥ አሸዋ፥ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ጋዜጣ ያደርጉላት ነበር። አመዱ በእግሯ ተጣብቆ ቤቱን ያጠቍራል፤ አሸዋውም ሽታ አያስቀርም። በ1947 ዓ.ም. በሚሺጋን ግዛት ካሶፖሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ኤድዋርድ ሎው የሚባል ሰው፥ በፋብሪካ ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚመጥ ነገር ይሸጥ ነበር። ራሱ እንደ ተረከው፥ በክረምቱ ብርድ የአሸዋ ክምሯ የረጋባት አንዲት ጎረቤት ለድመቷ የሚሆን አሸዋ ስትለምነው፥ ፉለርስ ኧርዝ የተባለውን የደረቀ የሸክላ አፈር ፍርካሽ ሰጣት። ይህ አፈር አዲስ ነገር አልነበረም፤ በጥንት ዘመን ልብስ አጣቢዎች ከበግ ጠጕር ላይ ስብ ለማውጣት የሚጠቀሙበት ነበር፥ ስሙንም ያገኘው ከእነርሱ ነው። ሴቲቱ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልፈልግም አለች። ሎውም አፈሩን በከረጢት ሞልቶ «ኪቲ ሊተር» የሚል ስም ጻፈበት፤ አሸዋ በነጻ በሚገኝበት አገር አፈር በገንዘብ የሚገዛ መኖሩን የተጠራጠረውን ባለ ሱቅም በመጀመሪያ በነጻ እንዲያድለው ነገረው። ድርጅቱን በ1990 ዓ.ም. እስኪሸጥ ድረስ በዚህ ባለ ጠጋ ሆኖ በ1995 ዓ.ም. ሞተ። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ቶማስ ኔልሰን የተባለ የሥነ ሕይወት ኬሚስት፥ ቤንቶናይት የሚባለው አፈር እርጥበት ሲነካው እንደሚጓጕልና በማንኪያ ተዝቆ ሊወጣ እንደሚችል ተመለከተ፤ ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ይህ ነው።

የሎው አፈር ያደረገው ነገር ተለይቶ መታየት አለበት። ሽታውን የሸሸገው ከሰው አፍንጫ ነው። በዚህም የተነሣ ድመት ዕድሜዋን ሁሉ ከቤት ሳትወጣ ልትኖር ቻለች፤ ውሻም በዚያው ዘመን ከግቢ ወደ ሳሎን ገብቶ ነበር። የውሻን አፍንጫ ግን አፈሩ አላታለለውም። ሰው ጓሮውን ወደ ቤት አስገብቶ በሣጥን ሲያስቀምጠው የጓሮውን ጠራጊም አብሮ አስገብቷል፤ የቀረው መድረኩ ብቻ ነው።

ጸያፍነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መታገሥ በተቻለ ነበር። በ1908 ዓ.ም. ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ በቱኒስ፥ ጕንዲ በተባለ የበረሃ አይጥ መሰል እንስሳ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ረቂቅ ተውሳክ አገኙ። ተውሳኩ ከድመት ዐይነ ምድር ጋር እንደሚወጣ ግን እስከ 1965 ዓ.ም. አልታወቀም ነበር፤ በዚያ ዓመት ሃቺሰን በግላስጎ አሳየ። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይህ ተውሳክ ለፅንሱ አደገኛ ነው። አንድ ነገር ግን ለቤት ባለቤት ይጠቅማል፤ ተውሳኩ እንደ ወጣ ወዲያው አያስይዝም፥ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይቈያል። ውሻውን የሚስበው ትኵሱ ነው፤ ለሰው የሚያሰጋው የሰነበተው ነው። በየቀኑ፥ ቢቻልም ድመቷ እንደ ወጣች ወዲያው የሚጠርግ ሰው ሁለቱንም ይቀድማል። ያልተጠረገውን የሚበላ ውሻ ተውሳኩን በአንጀቱ አሳልፎ ሌላ ቦታ ሊጥለው፥ የድመቷንም ወስፋት ሊወስድ ይችላል። የሚጓጕለውን አፈር በብዛት ከዋጠም በሆዱ ውስጥ አብጦ አንጀት እንዳይዘጋ ያሰጋል።

ስለ መድኀኒቱ ብዙ ተሞክሯል፥ ብዙም ተሽጧል። መራራ ዱቄት በምግብ ላይ መነስነስ ከሁሉ ደካማው ነው፤ ሃርትና ባልደረቦቹ ለዚህ ተብለው የሚሸጡ 11 ዐይነት ነገሮችን ቢጠይቁ፥ የሚሠራላቸው ሰዎች ከመቶ ከ0 እስከ 2 ብቻ ሆኑ። ውሻውን መቅጣትም ከዚህ አይሻልም፤ ሰው ዞር እስኪል መጠበቅን ብቻ ያስተምረዋል። «ተው» ሲባል መተውን አስቀድሞ የተማረ ውሻ ግን ባለቤቱ ባለበት ጊዜ ይታዘዛል። ሣጥኑን መክደን ለባለቤቱ ዓይን መልካም ቢሆንም ለድመቷ ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ አንድ በር ብቻ ባለው ሣጥን ውስጥ ሆና ውሻው በበሩ ቢቆም የምታመልጥበት የላትም፥ የሸሸችውም ከዚህ ፍርሃት ነው።

የሚሠራው መድኀኒት የድሮው መድረክ ተመልሶ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ይኸውም ድመት የምታልፍበት፥ ውሻ የማያልፍበት ቀዳዳ። አውሮፓ ይህን ጥበብ ያወቀችው በጣም አስቀድማ ነው። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ካቴድራል ከ1305 እስከ 1467 ዓ.ም. ባለው የሒሳብ መዝገብ ለድመት በየሦስት ወሩ 13 ፔንስ ተመድቦ ይገኛል። ከ1598 ዓ.ም. ጀምሮ ጳጳስ የነበሩት ዊልያም ኮተንም ከታላቁ ሰዓት በታች ባለው በር ላይ የድመት ቀዳዳ ለሚያበጁ አናጢዎች ከፍለዋል፤ ቀዳዳው ዛሬም ይታያል። ያ የተበጀው አይጥ ስለ በዛ እንጂ ስለ ውሻ አይደለም። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ በሩ ለሌላው ሁሉ እንደ ተዘጋ ይኖራል፥ ለአንዲቱ ብቻ በአካሏ ልክ ይከፈታል። አማርኛ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ሲል የሚፈራው ልኩ ያልታወቀውን ቀዳዳ ነው። ዛሬም ሣጥኑ ያለበትን ክፍል በር በማሰሪያ ይዞ ጥቂት ብቻ ክፍት መተው፥ ወይም ከሥሩ ትንሽ በር ያለው አጥር በመግቢያው ላይ ማቆም ለትልቅ ውሻ ይበቃል።

ችግሩ ከድመት የማይበልጥ ትንሽ ውሻ ባለበት ቤት ነው። እዚያ ስፋት ስለማይለያቸው ከፍታ ይለያቸዋል፤ ድመት ወደ ጠረጴዛና ወደ መደርደሪያ ትዘላለች፥ አጭር እግር ያለው ውሻ አይዘልም። ድመቷ አርጅታ መገጣጠሚያዋ ሲታመም ግን ይህም አይሆንላትም፤ ጠርዙ ዝቅ ያለ ሣጥን ወለል ላይ ይፈለግላታል። ለእንዲህ ያለችው ድመት የተረፈው፥ በቆዳዋ ሥር የተቀበረላትን ረቂቅ መለያ አንብቦ ለእርሷ ብቻ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ በር ነው። እርሱም ቢሆን ውሻው ተከትሏት ሾልኮ እንዳይገባ ከኋላዋ ፈጥኖ መዘጋት አለበት።