«በሕግ አምላክ» ሰሚ ያጣበት ሌሊት

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣ ዱላ ይወርድ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አስተሳስረው ራሳቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ተረትም የዚሁ ሕዝብ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በወሎው ረሃብና በሌሎች በደሎች ተጠያቂ ማን እንደሆነ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ገና አልጨረሰም። ደርግም በዚያው ወር ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አውጆ ነበር። የራሱን ፍርድ ቤት እንኳ ሳይጠብቅ ነገሩን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ ዘጋው።

በጊዜው ያጨበጨበም፣ ዝም ያለም ብዙ ነበር። እስቲ እንጠይቅ፤ ጥፋተኞች ከነበሩ ችሎት ለምን አስፈራ? ንጹሕ ሰውስ ካለባቸው ማን ለየው?

ለሚኒስትሩ የጠፋው ሕግ ለተማሪውም ጠፋ። ቀይ ሽብር ሲመጣ ወጣቱ ከቤቱ እየተወሰደ ሲረሸን እናት «በሕግ አምላክ» ብትል የሚሰማት አልነበረም። የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር አጥናፉ አባተ ራሳቸው በ1970 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ።

አሁን ልብ በሉ። በ1987 ዓ.ም. የደርግ ባለ ሥልጣናት ችሎት ሲቀርቡ ዋናው ክስ የተመሠረተው ንጉሡ በ1949 ዓ.ም. ባወጁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 281 ነበር። ጠበቃ ቆመላቸው፣ ተከራከሩ፣ ይግባኝ አሉ። ለ60ዎቹ የነፈጉትን እነሱ አገኙ። የጥፋተኝነት ውሳኔው እስከ 1999 ዓ.ም. መጓተቱ ግን ለተከሳሽም ለተበዳይ ቤተሰብም ሌላ በደል ነበር።

ወገኖቻችን፣ የምንጠላውን ሰው የማይጠብቅ ሕግ እኛንም አይጠብቀንም። በስደት ባለንበት አገር ፖሊስ ሲያስቆመን መብታችንን እንጠይቃለን። አገር ቤት ሰው ታሰረ ሲባልም «የማን ወገን ነው?» ከማለታችን በፊት «ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ?» እንበል። የታሰረው ተቃዋሚያችን ቢሆንም፣ ያን ጊዜ ይበልጥ እንጠይቅ።